ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊች ወይስ አክሰስ ፖይንት? የቤትና የቢሮ ኔትወርክ ዕቃዎችን ለይቶ የመምረጥና የማገናኘት ዝርዝር መመሪያ

ኢንተርኔት የሚያመጣውን ሣጥን አንዱ «ዋይፋዩ» ይለዋል፣ ሌላው «ሞደሙ»፣ ሌላው ደግሞ «ራውተሩ»። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ ምንም ጉዳት የለውም። ጉዳቱ የሚታየው ኢንተርኔቱ ሲቆም ወይም ለተጨማሪ ዕቃ ገንዘብ ሲወጣ ነው፤ ስዊች ብቻ የሚበቃው ሰው ሁለተኛ ራውተር ገዝቶ ይመለሳል፣ አክሰስ ፖይንት የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ሪፒተር ይገዛና ፍጥነቱ በግማሽ ሲወርድበት የኢንተርኔት አቅራቢውን ያማርራል።

ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከራሱ ከዕቃው ነው። ለቤት የሚሸጥ አንድ ሣጥን በውስጡ ሦስት ወይም አራት የተለያዩ ሥራዎችን ደርቦ ይይዛል፤ በትልልቅ ቢሮዎች ግን እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ዕቃ አለው። ስለዚህ በዚህ መመሪያ ሣጥኖቹን ትተን ሥራዎቹን አንድ በአንድ እናያለን። ሥራዎቹን ለይቶ ያወቀ ሰው፣ በሣጥኑ ላይ ማንኛውም ስም ቢጻፍ፣ ያለውን ከሌለው ለይቶ የጎደለውን ብቻ መግዛት ይችላል።

መጀመሪያ በወረቀት ላይ ይሣሉ

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የቤቱን ወይም የቢሮውን ወለል በእጅዎ ይሣሉ። ሥዕሉ ውብ መሆን የለበትም፤ ክፍሎቹ፣ ግድግዳዎቹ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬቶቹና የኢንተርኔቱ መስመር ከውጭ የሚገባበት ቦታ ከታዩ ይበቃል። በመቀጠል ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱትን መሣሪያዎች፣ ማለትም የጠረጴዛ ኮምፒውተሮችን፣ ፕሪንተሮችን፣ ቴሌቪዥኖችን፣ የጥበቃ ካሜራዎችንና ሰርቨሮችን በየቦታቸው ምልክት ያድርጉባቸው፤ እነዚህ በተቻለ መጠን በኬብል መገናኘት ያለባቸው ናቸው። ስልክ፣ ታብሌትና ላፕቶፕን ግን ሰው ይዟቸው ስለሚዞር፣ ለእነርሱ ምልክት የሚደረገው ሰዎች ብዙ ጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነው።

በሥዕሉ ጥግ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፉ። አንደኛው በኬብል የሚገናኙት መሣሪያዎች ብዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአቅራቢው ጋር የተዋዋሉት የኢንተርኔት ፍጥነት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ አቅራቢዎች ፍጥነትን የሚናገሩት በሜጋቢት ነው፤ ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በሰከንድ ቢበዛ 12.5 ሜጋባይት ያወርዳል። ይህን ባለማወቅ ምንም ያልጎደለውን ዕቃ አውጥቶ የሚጥል ሰው ብዙ ነው።

ሞደም፦ ከመስመሩ ጋር የሚነጋገረው

ሞደም የሚለው ስም የተሠራው ሞዱሌተር እና ዲሞዱሌተር ከሚሉት ሁለት ቃላት ነው። ሥራው ከውጭ በሚመጣው መስመር ላይ ያለውን ምልክት የኔትወርክ ዕቃዎች ወደሚረዱት መረጃ መቀየር፣ ከውስጥ የሚወጣውንም መልሶ ለመስመሩ በሚስማማ ምልክት መላክ ነው። በመሆኑም የሞደሙ ዓይነት ከመስመሩ ዓይነት ጋር የግድ መግጠም አለበት። በስልክ የመዳብ ሽቦ ለሚመጣ ኢንተርኔት የዲኤስኤል ሞደም፣ በቴሌቪዥን ኬብል ለሚመጣ የኬብል ሞደም፣ በሲም ካርድ ለሚሠራ የ4ጂ ወይም የ5ጂ ሞደም ያስፈልጋል። በፋይበር ለሚመጣ መስመር ደግሞ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይረው ኦኤንቲ የተባለው ዕቃ አለ፤ ብዙ ሰው ይህንንም ሞደም ይለዋል። አንዱ በሌላው ቦታ አይሠራም።

ሞደሙ ከአቅራቢው ሥርዓት ጋር መተዋወቅ ስላለበት፣ የራስዎን ከመግዛትዎ በፊት አቅራቢው እንደሚቀበለው መጠየቅ ግዴታ ነው። የፋይበር መስመር ካለዎት ሁለት ጥንቃቄዎች ያድርጉ፦ ቀጭኑን የፋይበር ገመድ አጣጥፈው አያስቀምጡት፣ የተነቀለውንም ጫፍ በዓይንዎ ቀርበው አይመልከቱ፤ የሚያልፍበት ብርሃን ለዓይን አይታይም፣ ሊጎዳ ግን ይችላል።

በፋይበር ሣጥን ላይ «ሎስ» የሚል መብራት ቀይ ሆኖ ከበራ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ፣ ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የፋይበሩ ጫፍ በደንብ መግባቱንና ገመዱ አለመታጠፉን ካዩ በኋላ ወደ አቅራቢው መደወል እንጂ ራውተሩን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ማባከን ነው።

ራውተር፦ ድንበር ላይ የሚቆመው

ራውተር ሁለት የተለያዩ ኔትወርኮችን ያገናኛል። በአንድ በኩል የአቅራቢው ኔትወርክ፣ በሌላ በኩል የእርስዎ አለ፤ ራውተሩ በመካከላቸው ቆሞ እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል በየት በኩል መሄድ እንዳለበት ይወስናል። ይህ ዋና ሥራው ነው። የቤትና የትንሽ ቢሮ ራውተሮች ከዚህ በተጨማሪ ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ፤ እነዚህን ሁለቱን መረዳት ግማሹን የኔትወርክ ችግር መፍታት ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው አድራሻ ማደል ነው። አንድ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ወደ ኔትወርኩ ሲገባ አይፒ የተባለ የቁጥር አድራሻ ያስፈልገዋል፤ ዲኤችሲፒ በተባለው አሠራር ራውተሩ ይህን አድራሻ ያድለዋል። ለውስጥ ኔትወርክ የሚያገለግሉት አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው አርኤፍሲ 1918 የተባለ ሰነድ የተወሰኑ ሲሆን፣ በሦስት ክልል ይመደባሉ፦ በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እና በ192.168 የሚጀምሩት። በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ቤቶች በአንድ ጊዜ 192.168.1.1 የሚል አድራሻ ያለው ራውተር ሊኖራቸው የሚችለው እነዚህ አድራሻዎች ከቤቱ ወጥተው በኢንተርኔት ላይ ስለማይሄዱ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ ይከተላል። የውስጡ አድራሻ ወደ ውጭ የማይወጣ ከሆነ፣ 192.168.1.25 የሆነው ስልክ ከሩቅ ሰርቨር ገጽ ሲጠይቅ መልሱ እንዴት ወደ እሱ ይመለሳል? ራውተሩ ጥያቄውን ተቀብሎ የላኪውን አድራሻ በራሱ የውጭ አድራሻ ይተካና፣ «ይህን የጠየቀው ያ ስልክ ነው» ብሎ በሰንጠረዥ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣ መዝገቡን አይቶ ለስልኩ ያደርሳል። ይህ አሠራር ኤንኤቲ ይባላል። ከውጭ ማንም ሳይጠየቅ የሚልከው ነገር በመዝገቡ ላይ ስለማይገኝ ወደ ውስጥ አይገባም፤ በዚህ ምክንያት ኤንኤቲ ጥቂት ከለላ ይሰጣል። የሙሉ ፋየርዎልን፣ ማለትም የሚገባውንና የሚወጣውን መረጃ በደንብ እየለየ የሚፈቅድ ወይም የሚከለክል ጠባቂን፣ ቦታ ግን አይተካም።

ራውተር ሲመለከቱ ከኋላው ብዙ ጊዜ በቀለሙ የተለየ አንድ ፖርት (የኬብል መሰኪያ) ያያሉ፤ እሱ «ዋን» ወይም «ኢንተርኔት» የሚባለው ሲሆን ከሞደሙ የሚመጣው ኬብል የሚገባው እዚያ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራት የሆኑት የቀሩት ፖርቶች «ላን» ይባላሉ፤ ለውስጥ መሣሪያዎች ናቸው። እነዚህ አራት ፖርቶች በእርግጥ በሣጥኑ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ስዊች ናቸው፣ አንቴናዎቹም በሣጥኑ ውስጥ ያለ፣ ዋይፋይ የሚያሠራጭ አክሰስ ፖይንት ናቸው። የስልክ ሽቦው ወይም ፋይበሩ በቀጥታ ወደ ሣጥኑ የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሞደሙም እዚያው ውስጥ አለ ማለት ነው።

አቅራቢው የሰጠው ሣጥን ራውተርነትን ከያዘ በኋላ ከእሱ ጀርባ የራስዎን ራውተር በ«ዋን» ፖርቱ ቢያስገቡ፣ መረጃው ሁለት ጊዜ አድራሻ ይቀየርለታል። ተራ ድረ ገጾች ይከፈታሉ፣ ስለዚህም ስሕተቱ ወዲያው አይታወቅም። የሚያስቸግረው በኋላ ነው፦ በአንደኛው ራውተር ላይ ያለ ኮምፒውተር በሁለተኛው ላይ ያለውን ፕሪንተር አያገኘውም፣ የጥበቃ ካሜራን ከውጭ ሆኖ ማየት ይከብዳል፣ አንዳንድ የመስመር ላይ ጨዋታዎችም አይገናኙም። መፍትሔው ከሁለቱ በአንዱ ላይ ራውተርነትን ማስቆም ነው፤ ወይ የአቅራቢውን ሣጥን ብሪጅ ሞድ ላይ አድርጎ ሞደም ብቻ እንዲሆን ማድረግ፣ ወይ የራስዎን ወደ አክሰስ ፖይንት መለወጥ።

ስዊች፦ በውስጥ መንገድ የሚያበዛው

የራውተሩ አራት ፖርቶች ሲያልቁ የሚገዛው ስዊች ነው። ስዊች አድራሻ አያድልም፣ ኢንተርኔት የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቅም፤ የሚያውቀው በየትኛው ፖርቱ ላይ የትኛው መሣሪያ እንደተሰካ ብቻ ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ ካርድ ከፋብሪካው ይዞት የሚወጣ ባለ 48 ቢት የማክ አድራሻ አለው። ስዊቹ አንድ መሣሪያ መረጃ ሲልክ የላኪውን የማክ አድራሻ አይቶ «ይህ በ3ኛው ፖርት ላይ ነው» ብሎ ይይዛል፤ በኋላ ለዚያ መሣሪያ የሚመጣውን ወደ 3ኛው ፖርት ብቻ ይልካል። የማያውቀው አድራሻ ሲመጣበት ግን ከመጣበት ፖርት በስተቀር ወደ ሁሉም ይልከዋል፤ መልሱ ሲመጣም ይማራል።

ሃብ በውጭ ሲታይ ስዊችን ይመስላል፤ ሥራው ግን እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፣ ለአንዱ የመጣውን ለሁሉም ያሰማል። በዚህ ላይ በአንድ ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ስለሚናገር፣ ሁለት አብረው ሲጀምሩ መረጃው ይጋጭና እንደገና ይላካል። ዛሬ ሃብ የሚገዛበት ምንም ምክንያት የለም፤ በአሮጌ ቢሮ ውስጥ ካገኙ በስዊች ይተኩት። የዩኤስቢ ሃብ ግን በስሙ ብቻ የሚመሳሰል ሌላ ዕቃ ነው።

ስዊች ሲመርጡ ከቀደመው ሥዕል ላይ የኬብል መሣሪያዎቹን ቁጥር ይውሰዱ፤ ከራውተሩ ጋር ለሚያገናኘው ኬብል አንድ ፖርት፣ ለወደፊት ደግሞ ጥቂት ፖርቶች ይጨምሩ። ስድስት መሣሪያ ላለው ሰው ባለ 8 ፖርት ስዊች ይበቃዋል፣ ግን የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው፤ ሊያድግ ለሚችል ቢሮ እኔ ባለ 16ቱን እመርጣለሁ። ፍጥነቱ በየፖርቱ 1 ጊጋቢት መሆኑን ያረጋግጡ። በ100 ሜጋቢት የቆሙ አሮጌ ስዊቾች አሁንም ይገኛሉ፤ እነርሱ ከ100 ሜጋቢት በላይ የሆነን ኢንተርኔት ያንቃሉ፣ በቢሮው ውስጥ የሚደረገውን የፋይል ዝውውርም ያጓትታሉ።

በአንድ ቢሮ ያጋጠመኝን እዚህ ላይ ማንሳት ይጠቅማል። አንድ ጠዋት ኔትወርኩ በሙሉ ቆመ፤ ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ፕሪንተርና የጋራ ፋይልም ጠፉ፣ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት እጅግ በፍጥነት ይርገበገቡ ነበር። ሞደሙን ቀየርን፣ ራውተሩን አስነሣን፣ ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ የተገኘው፣ ጠረጴዛ ሲስተካከል ወለል ላይ የወደቀ የኬብል ጫፍ ያየ ሰው በቅንነት ባዶ ፖርት ውስጥ እንደሰካው ነው፤ የኬብሉ ሁለተኛ ጫፍ ደግሞ በዚያው ስዊች ላይ ነበር። ስዊች ለሁሉም የሚተላለፍ መልእክት ሲደርሰው በሁሉም ፖርት ይልካል፤ ኬብሉ ወደ ራሱ ከተመለሰ መልእክቱ መቆሚያ ሳይኖረው እየተባዛ ይዞራል፣ ሌላውን ሁሉ ያፍናል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ ኬብሎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ መብራቶቹ የሚረጋጉበት ኬብል ጥፋተኛው ነው። የሚቆጣጠሩት ስዊች፣ ማለትም የራሱ ማስተካከያ ገጽ ያለው፣ ካለዎት ደግሞ ስፓኒንግ ትሪ የተባለውን መከላከያ ያብሩ፤ እንዲህ ያለውን ቀለበት አይቶ ፖርቱን ራሱ ይዘጋዋል።

ዋይፋይ የሚያሠራጩት፦ አክሰስ ፖይንት፣ ሪፒተርና ሜሽ

አክሰስ ፖይንት ኔትወርኩን በኬብል ተቀብሎ በሬዲዮ ሞገድ የሚያሠራጭ ዕቃ ነው። አድራሻ አያድልም፣ ድንበር አይጠብቅም፤ በኬብሉና በሞገዱ መካከል ያለ ድልድይ ነው። ሪፒተር ደግሞ ኬብል የለውም፤ ከራውተሩ በሞገድ የሰማውን በሞገድ ደግሞ ያሠራጫል። አንድ ሬዲዮ ብቻ ያለው ሪፒተር በዚያው ሬዲዮ መስማትም መናገርም ስላለበት፣ በእሱ በኩል የሚያልፈው ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ሜሽ የሚባለው ዘዴ ብዙ ሣጥኖች በአንድ ስም ተባብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ ሲሆን፣ ከተራ ሪፒተር የተሻለ ነው፤ ሣጥኖቹ እርስ በርስ በኬብል ሲያያዙ ደግሞ ከአክሰስ ፖይንት ምንም አይለይም።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ አንድ ኬብል ማሳለፍ የሚቻል ከሆነ አክሰስ ፖይንት ይምረጡ። ኬብል ማሳለፍ ፈጽሞ የማይቻልበት ቤት ሜሽ ይጠቀም። ሪፒተር ለአንድ ክፍልና ለቀላል አገልግሎት ብቻ ይሁን። እሱንም ሲተክሉ ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ነው፤ ራሱ ያልሰማውን ለሌላ ሊያሰማ አይችልም። በራውተሩና በደካማው ክፍል መካከል፣ ምልክቱ ገና ጠንካራ በሆነበት ቦታ መቀመጥ አለበት።

ዋይፋይ በዋናነት የሚሠራባቸው ሞገዶች ባሕርያቸው ይለያያል። 2.4 ጊጋኸርዝ ግድግዳን የተሻለ አልፎ ሩቅ ይደርሳል፣ ነገር ግን ጠባብና የተጨናነቀ ነው፤ በእሱ ላይ ሳይደራረቡ የሚሠሩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያዳክመዋል። ዋይፋይ 6ኢ እና ዋይፋይ 7 የሚባሉት አዳዲስ ዕቃዎች 6 ጊጋኸርዝንም ይጨምራሉ፤ እሱ የሚጠቅመው በዚያው ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ነው። ዕቃውን ከወለል ከፍ አድርገው በቤቱ መካከለኛ ቦታ ላይ ያስቀምጡት፤ ከብረት ቁም ሣጥን፣ ከትልቅ መስተዋት፣ ከውሃ ማጠራቀሚያና ከማይክሮዌቭ ምድጃ ያርቁት። ማይክሮዌቭ የሚሠራው በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ምግብ ሲሞቅ ዋይፋዩ የሚቆራረጥባቸው ቤቶች አሉ።

ከአንድ በላይ አክሰስ ፖይንት ካለ፣ ስሙና የይለፍ ቃሉ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ቻናሉ ግን ጎን ለጎን ባሉት ላይ ይለያይ። ያን ጊዜ ስልኩ ከክፍል ወደ ክፍል ሲሄድ ወደሚቀርበው ራሱ ይሻገራል።

አሮጌ ራውተርን ወደ አክሰስ ፖይንት መለወጥ

በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ራውተር ካለዎት ሌላ ከመግዛት በፊት በእሱ ይጠቀሙ። ቅደም ተከተሉ አስፈላጊ ስለሆነ እንዳለ ይከተሉት።

1. አሮጌውን ራውተር ለብቻው ያብሩና ኮምፒውተርዎን በኬብል ከአንዱ «ላን» ፖርቱ ጋር ያገናኙ። ብራውዘር ከፍተው ከሣጥኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለውን አድራሻ በማስገባት ወደ ማስተካከያ ገጹ ይግቡ። የይለፍ ቃሉ ከጠፋብዎ ትንሿን የሪሴት ቀዳዳ በመርፌ ጫፍ 10 ሰከንድ ያህል ይጫኑ፤ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው ይመለሳል።

2. የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ከዋናው ጋር አንድ ያድርጉና ቻናሉን ይለዩ።

3. የራሱን የውስጥ አድራሻ ይለውጡ። ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ከሆነና ከ192.168.1.100 እስከ 192.168.1.200 ያለውን የሚያድል ከሆነ፣ ለአሮጌው 192.168.1.2 ይስጡት፤ እንዲህ ሲሆን ከማንም ጋር አይጋጭም። ገጹ ስለሚቋረጥ የኮምፒውተሩን ኬብል ነቅለው እንደገና ይሰኩና በአዲሱ አድራሻ ይግቡ።

4. አሁን ዲኤችሲፒውን ያጥፉ። ይህን የረሳ ሰው በአንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት አድራሻ አዳይ ያስቀምጣል፤ ከፊሉ መሣሪያ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከፊሉ አያገኝም፣ ምክንያቱም ለማንም ግልጽ አይሆንም።

5. ከዋናው ራውተር ወይም ከስዊቹ «ላን» ፖርት የሚመጣውን ኬብል በአሮጌው «ላን» ፖርት ላይ ይሰኩ። «ዋን» ፖርቱ ባዶ ይቅር።

ብዙ አዳዲስ ራውተሮች «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱ ካለ ከ3ኛው ጀምሮ ያለው በአንድ ጠቅታ ያልቃል፣ ኬብሉም በሣጥኑ መመሪያ መሠረት ብዙ ጊዜ በ«ዋን» ፖርት ይገባል።

ለቢሮ የሚጨመሩት

ካሜራ፣ የጠረጴዛ ስልክና ጣሪያ ላይ የሚሰቀል አክሰስ ፖይንት ያለው ቢሮ ፒኦኢ ያለው ስዊች ይጠቅመዋል፤ ይህ በዚያው የኔትወርክ ኬብል የኤሌክትሪክ ኃይልም የሚልክ ነው። መሥፈርቶቹ ሦስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው በአንድ ፖርት 15.4 ዋት፣ በ2009 የወጣው 30 ዋት፣ በ2018 የወጣው ደግሞ እስከ 90 ዋት ይሰጣል። ሲገዙ የፖርቶቹን ብዛት ብቻ አይቁጠሩ፤ ስዊቹ በጠቅላላ ስንት ዋት ማደል እንደሚችል ይመልከቱ። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚፈልጉ 8 ካሜራዎች 80 ዋት ይሆናሉ፤ በጠቅላላ 60 ዋት ብቻ የሚሰጥ ስዊች ስድስቱን አስነሥቶ ሁለቱን ይተዋቸዋል።

ሌላው ልዩነት በተራ ስዊችና በሚቆጣጠሩት ስዊች መካከል ያለው ነው። ተራው ይሰካል፣ ይሠራል፣ ሌላ የለውም። የሚቆጣጠሩት ስዊች ግን አንዱን ስዊች በሥራ ለይቶ እንደ ብዙ ስዊቾች ለመጠቀም ያስችላል፤ ይህ ቪላን ይባላል፣ ቁጥሩም ከ1 እስከ 4094 ሊሆን ይችላል። የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች በ10፣ ካሜራዎቹ በ20፣ የእንግዶች ዋይፋይ በ30 ቢቀመጡ፣ እንግዳው የሒሳብ ፋይሎችን በቀጥታ አያይም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ የሚቻለው ራውተሩ ወይም ፋየርዎሉ ከፈቀደ ብቻ ነው። የሌላ ሰው ገንዘብና ምስጢር የሚይዝ ማንኛውም ቢሮ፣ ሠራተኛው አምስት ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ይህን ማድረግ አለበት ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ።

ኬብሉን በተመለከተ፣ ካት 5ኢ የተባለው የኬብል ደረጃ 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፤ ካት 6 እስከ 55 ሜትር ባለው ርቀት 10 ጊጋቢት ሊሸከም ይችላል፣ ካት 6ኤ ደግሞ ይህንኑ እስከ 100 ሜትር። በግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ካት 6 ወይም ከዚያ በላይ ይምረጡ፤ ግድግዳ ሁለት ጊዜ አይፈርስም። ርካሽ ተብለው ከሚሸጡት መካከል አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባባቸው አሉ፤ በተለይ ፒኦኢ ለሚያልፍበት መስመር ንጹሕ መዳብ መሆኑን ያረጋግጡ።

ማገናኘትና ማስነሣት

ዕቃዎቹ ከተሟሉ በኋላ ሁሉንም አጥፍተው ኬብሎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያያይዙ፦ መስመሩ ወደ ሞደም፣ ከሞደም ወደ ራውተሩ «ዋን»፣ ከራውተሩ «ላን» ወደ ስዊች፣ ከስዊች ወደ ኮምፒውተሮችና ወደ አክሰስ ፖይንቶች። ሲያበሩም ከውጭ ወደ ውስጥ ይሁን፤ ሞደሙን አብርተው መብራቶቹ እስኪረጉ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ቀጥሎ ራውተሩን፣ ቀጥሎ ስዊቹን።

ወደ ራውተሩ ገጽ ገብተው በመጀመሪያ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ይለውጡ፤ ይህ ከዋይፋዩ የይለፍ ቃል የተለየ ነው፣ ብዙዎችም እንደተገዛ ይተዉታል። ፈርምዌሩን፣ ማለትም ሣጥኑን የሚያሠራውን የውስጥ ሶፍትዌር፣ ያድሱ። ለዋይፋዩ የምስጢር ጥበቃ ደብሊውፒኤ3ን፣ አሮጌ ስልኮች እምቢ ካሉ ደግሞ ደብሊውፒኤ2ን ይምረጡ፤ ያለ ይለፍ ቃል በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን ደብሊውፒኤስ ያጥፉ። ለፕሪንተሩና ለካሜራዎቹ ቋሚ አድራሻ ያስይዙ፤ ካልሆነ አድራሻቸው ሲቀየር ኮምፒውተሮቹ ያጧቸዋል።

ሲቆም ጥፋቱ ያለበትን ዕቃ መለየት

ኢንተርኔት ሲቆም ሁሉንም በአንድ ጊዜ አያጥፉ፤ ምልክቱ ይጠፋብዎታል። መጀመሪያ የተቋረጠው በሁሉም መሣሪያ ላይ ነው ወይስ በአንዱ? በኬብል ያሉት እየሠሩ ዋይፋዩ ብቻ ከቆመ ጥፋቱ አክሰስ ፖይንቱ ላይ ነው፤ በአንድ ስዊች ላይ ያሉት ብቻ ከቆሙ ስዊቹን ወይም ከራውተሩ ጋር የሚያያይዘውን ኬብል ይመልከቱ።

ከዚያ በቆመው ኮምፒውተር ላይ የአይፒ አድራሻውን ይዩ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ መልስ አጥቶ ለራሱ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ከራውተሩ ጋር እየተነጋገረ አይደለም። ትክክለኛ አድራሻ ካለው ወደ ራውተሩ አድራሻ ፒንግ (መልስ መኖሩን የሚፈትን አጭር መልእክት) ይላኩ። ራውተሩ ከመለሰ በኢንተርኔት ላይ ወዳለው የጉግል ሰርቨር፣ ወደ 8.8.8.8 ይላኩ፤ ይህ ካልመለሰ ችግሩ ከራውተሩ ወደ ውጭ፣ ማለትም ሞደሙ ወይም መስመሩ ላይ ነው። 8.8.8.8 መልሶ ድረ ገጾች ብቻ አልከፈት ካሉ ደግሞ የተበላሸው የድረ ገጾችን ስም ወደ አድራሻ የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው፤ በራውተሩ ገጽ ላይ ሌላ የዲኤንኤስ አድራሻ ያስገቡ።

ኢንተርኔቱ ሳይቆም ቀርፋፋ ከሆነ፣ በኮምፒውተሩ የኔትወርክ መረጃ ላይ የግንኙነቱ ፍጥነት ስንት እንደሚል ይመልከቱ። ስዊቹም ካርዱም ባለ 1 ጊጋቢት ሆነው 100 ሜጋቢት ብቻ ካሳየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ኬብሉ ላይ ነው፦ 1 ጊጋቢት ስምንቱንም ሽቦዎች ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን በአራቱ ብቻ፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ3ኛውና በ6ኛው ይሠራል፤ ከቀሩት አንዱ ቢበጠስ ዕቃዎቹ ሳይናገሩ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ይወርዳሉ። ጫፉን ቆርጠው አዲስ ማያያዣ ይግጠሙ ወይም ኬብሉን ይቀይሩ፣ ቁጥሩም ወደ 1000 ሜጋቢት፣ ማለትም ወደ 1 ጊጋቢት፣ መመለሱን እዚያው ያረጋግጡ።